ቀስ ብለን ስንበላ የሚጠግበው ማን ነው?

አምስት ሰው በአንድ ትሪ ዙሪያ ሲቀመጥ የምግቡን ፍጥነት የሚወስነው ማን ነው? ብዙዎቻችን «ሁሉም እንደየአቅሙ ይበላል» ብለን እናልፈዋለን። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። የራሱን ሳህን ይዞ የሚበላ ሰው ቢፈጥንም ቢዘገይም ድርሻው እዚያው ይጠብቀዋል። የጋራ ማዕድ ላይ ግን ወጡም እንጀራውም አንድ ነው። ፈጥኖ የሚጠቀልለው ሰው ሳያስበው የሌላውንም ሰዓት ይወስናል። እሱ ሲጨርስ ትሪው ያልቃል፤ ትሪው ሲያልቅ ሁሉም «ጠገብኩ» ብሎ ይነሳል።

ቀስ ብሎ ስለመብላት ሲወራ አብዛኛውን ጊዜ የምንሰማው ስለ ቦርጭ፣ ስለ ቃርና ስለ ክብደት ነው። እሱም ተገቢ ነው፤ እመለስበታለሁ። ዛሬ ከሁሉ በፊት ማንሳት የምፈልገው ግን ከጎናችን ተቀምጦ ዘግይቶ ስለሚበላው ሰው ነው። ይህ ሰው በብዙ ቤት ከሁለት አንዱ ነው፦ ጥርሷ የሳሳ አያት ወይም ገና መጠቅለል የሚለማመድ ሕፃን።

የመቀነቱ ዙር

እናቴ ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋር መኖር ስትጀምር 74 ዓመቷ ነበር። ጥቂት ወራት እንደቆየች መቀነቷ ነገሩን ነገረን። ሦስት ጊዜ ይዞርላት የነበረው መቀነት አራተኛ ዙር ጀመረ። ሐኪም ቤት ወሰድናት። ደሟ፣ ስኳሯ፣ ሽንቷ ሁሉ ታየ፤ ለክብደቷ መቀነስ ምክንያት የሚሆን በሽታ አልተገኘም። ሐኪሟ ግን በዚያ አላበቃችም። ስለ ጥርሷ ጠየቀቻት፣ ስለምትወስደው የደም ግፊት መድኃኒት ጠየቀቻት፣ በመጨረሻም «እማማ፣ ከማን ጋር ነው የሚመገቡት?» አለቻት።

እናቴ ሳቀች። «ከልጆቼ ጋር ነዋ! ማዕዱ ሙሉ ነው፣ ምን ይጎድላል ብለሽ? እኔ አላምጬ ሳልውጥ እነሱ እጃቸውን ይታጠባሉ እንጂ።»

ለቀልድ ያለችው ነገር ነው። እኔ ግን በዚያ ምሽት እራት ላይ ሰዓት ያዝኩ። ባለቤቴና ሁለቱ ወንዶች ልጆቻችን ባሉበት ትሪው በ8 ደቂቃ አለቀ። በዚያ ጊዜ ውስጥ እናቴ የጎረሰችው ሰባት ጊዜ ነው። ከዚያ «ተመስገን» ብላ እጇን ሰበሰበች። ማንም የከለከላት የለም። እንጀራም በሞሶቡ ውስጥ ነበር። እሷ ያደገችበት ወግ ግን ትሪ ካለቀ በኋላ «ጨምሩልኝ» ማለትን አያውቅም። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ከረሃብ ይበረታል። በተለይ በልጁ ቤት ለሚኖር ሽማግሌ ወይም አሮጊት።

ከዚያ ወዲህ ይህን ነገር ለጓደኞቼ ሳነሳ ያላጋጠመው ሰው ጥቂት ነው። «አባቴም ሁልጊዜ ቀድሞ ይነሳል፣ ምግብ አይወድም ብለን ነበር» ትላለች አንዷ። «የኔዋ ትንሿ ልጅ ከትሪ ስትነሳ ወዲያው ዳቦ ትጠይቃለች» ትላለች ሌላዋ።

አእምሮ ወሬውን ዘግይቶ ይሰማል

የሰውነታችን አሠራር ይህን ነገር ያብራራዋል። ምግብ ሲገባ ጨጓራ ይለጠጣል፤ ምግቡ ወደ ትንሹ አንጀት ሲደርስ ደግሞ አንጀት የጥጋብን መልእክት የሚያደርሱ ሆርሞኖችን ወደ ደም ይለቃል። ይህ ሁሉ ተደማምሮ አእምሮ «በቃኝ» እስኪል ድረስ ወደ 20 ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በ8 ደቂቃ የሚጨርስ ሰው እንግዲህ መልእክቱ ሳይደርሰው ብዙ ርቀት ሄዷል። ተጨማሪ እንጀራ የሚጠይቀው በእርግጥ ስላልጠገበ ሳይሆን መጥገቡን ገና ስላልሰማ ሊሆን ይችላል።

የግሪክ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት 17 ጤናማ ወንዶች 300 ሚሊ ሊትር አይስክሬም አንድ ጊዜ በ5 ደቂቃ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ በ30 ደቂቃ እንዲበሉ አድርገዋል። ምግቡ ያው፣ መጠኑም ያው ነው። ቀስ ብለው በበሉ ጊዜ ግን የጥጋብን መልእክት የሚያደርሱ ሁለት ሆርሞኖች በደማቸው ውስጥ ከፍ ብለው ተገኝተዋል። በጃፓን ደግሞ ከ3,200 በላይ ጎልማሶች የተካተቱበትና እ.ኤ.አ. በ2008 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል የወጣ ጥናት አለ። በዚያ መሠረት ፈጥነውም እስኪጠግቡም ድረስ የሚበሉ ሰዎች ሁለቱንም ከማያደርጉት ጋር ሲነጻጸሩ ከመጠን ያለፈ ውፍረት የመያዝ ዕድላቸው ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። እንዲህ ያለው ጥናት ብቻውን ፍጥነቱ ውፍረትን እንዳመጣ አያረጋግጥም፤ ሁለቱ አብረው መታየታቸውን ግን ያሳያል።

አሁን ይህን ወደ ጋራ ትሪያችን እናምጣው። ፈጣኑ ሰው ከሚያስፈልገው በላይ በልቶ ይነሳል፤ ዘገምተኛው ሳይበቃው ይነሳል። አንዱ ይከብዳል፣ አንዱ ይከሳል። ሁለቱም የተጎዱት በአንድ ማዕድ፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ምክንያት ነው። ስለዚህ አባወራው ፍጥነቱን ቢቀንስ የሚጠቀመው የራሱ ሆድ ብቻ አይደለም።

የአፍ ሥራ

ምግብ መፈጨት የሚጀምረው ጨጓራ ውስጥ ሳይሆን አፍ ውስጥ ነው። አፋችን በቀን ከግማሽ ሊትር እስከ አንድ ሊትር ተኩል የሚደርስ ምራቅ ያመነጫል። በምራቁ ውስጥ የእንጀራንና የዳቦን ስታርች መሰባበር የሚጀምር ኢንዛይም አለ። ጨጓራ ጥርስ የለውም፤ ሳይታኘክ የወረደውን ሁሉ ለማላም ረጅም ሰዓት መልፋት አለበት። እየተቻኮሉ የሚበሉ ሰዎች አየርም አብረው ስለሚውጡ ሆዳቸው ይነፋል፣ ያገሳሉ።

እንጀራ ደግሞ ለመቸኮል የተመቸ ነው። ለስላሳ ነው፤ ወጥ ሲነካው ይበልጥ ይላላል፤ ሁለት ሦስቴ ከታኘከ ይወርዳል። ቆሎ እየበላ የሚቸኩል ሰው ግን አይታችሁ ታውቃላችሁ? ቆሎ ራሱ ሰውን ያዘገያል። ስለዚህ እንጀራ የሚበላ ሰው የሚያዘገየውን ነገር ከምግቡ ሳይሆን ከራሱ ማምጣት አለበት።

ስንት ጊዜ ማኘክ አለብን ብላችሁ ግን አትጨነቁ። ሆራስ ፍሌቸር የተባለ አሜሪካዊ ከመቶ ዓመት በፊት ምግብ ሁሉ እንደ ውኃ እስኪቀጥን መታኘክ አለበት እያለ ብዙ ተከታይ አፍርቶ ነበር። እንዲህ ያለው ቆጠራ ማዕዱን ወደ ሒሳብ ክፍል ይለውጠዋል። በአፍ ያለው በደንብ ልሞ ሳይዋጥ ሌላ አለመጠቅለል ይበቃል።

የድሮው ወግ ምን ያውቅ ነበር?

እናቴን «እናንተ ቤት ስንት ሰው በአንድ ማዕድ ይቀርብ ነበር?» ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ስምንትም አሥርም» አለችኝ። እንዴት ታዲያ ሁሉም ይዳረስ ነበር? መልሱ በወጉ ውስጥ ነው። መጀመሪያ እጅ መታጠብ አለ፤ አንዱ ውኃ እያፈሰሰ ሁሉም በየተራው ይታጠባል። ከዚያ ጸሎት አለ። ከዚያም ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ከፊትህ ብላ፣ የሰው ፊት አትድፈር ይባላል። የዶሮ ወጥ ከሆነ ደግሞ ባለቤቷ በጭልፋ እያወጣች ለየሰዉ ታድላለች። ዶሮ 12 ብልት የሚወጣላት እንዲሁ አይደለም። ብልቱ ተቆጥሮ ለሁሉም ከታደለ ማንም የሚሻማበት ምክንያት የለም። ሰው የሚሽቀዳደመው ድርሻው ባልታወቀበት ማዕድ ላይ ነው።

በሃይማኖት ጾምም ውስጥ ተመሳሳይ ጥበብ አለ። በረመዳን ብዙ ሙስሊሞች ጾማቸውን በቴምርና በውኃ ከፈቱ በኋላ ይሰግዳሉ፤ ዋናው ምግብ ከዚያ በኋላ ነው። ከረጅሙ የዐቢይ ጾም በኋላም ብዙ ቤት ወደ ቅቤውና ወደ ሥጋው ከመሄዱ በፊት ተልባ ይቀመሳል። ሁለቱም የራበውን ሰው «ቆይ፣ ሆድህን አስቀድመህ ሰላም በለው» የሚሉ ይመስላሉ።

ይህን ስል ግን የድሮው ሁሉ መልካም ነበር ማለቴ አይደለም። በብዙ ቤት ልጆች ትልልቆቹ በልተው እስኪነሱ ጥግ ይዘው ይጠብቁ ነበር፤ የሚደርሳቸውም የተረፈው ነበር። ለታላቅ የተደረገው ጥንቃቄ ለታናሽ አልተደረገም። ያም ልጅ ተራው ሲደርስ እንደ ራበው ቸኩሎ መብላትን ይማራል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ በሽሚያ ያደገ ሰው አርባ ዓመት ሞልቶት፣ ሙሉ ማዕድ ቀርቦለትም ይሻማል። በአዳሪ ትምህርት ቤት ወይም በካምፕ የኖረ፣ በአጭር የምሳ ዕረፍት ሮጦ የሚመለስ ሠራተኛም እንዲሁ ነው። ጥድፊያውን ከቤት ውጭ ቢማረውም ቤት ይዞት ይገባል።

ለልጅ የራሱ ድርሻ

ሕፃናትን በተመለከተ ሐኪሞች ይህን ጉዳይ ካወቁት ቆይተዋል። በእኛም አገር ጤና ጣቢያዎች የሚሠራበት የሕፃናት በሽታዎች የተቀናጀ ሕክምና መመሪያ ክብደቱ ዝቅ ያለ ልጅ ሲመጣ እናቲቱ እንድትጠየቅ ከሚያዛቸው ጥያቄዎች መካከል «ልጁ የራሱ ድርሻ አለው ወይ? የሚያበላው ማነው፣ እንዴት ነው የሚያበላው?» የሚሉት ይገኙበታል። በቤቱ ምግብ መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ልጁ ጋ መድረሱ መታወቅ አለበት። ከትልልቅ ወንድሞቹ ጋር በአንድ ትሪ የሚበላ የሁለት ዓመት ልጅ ስንት እንደበላ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ትንሽ ሳህን ከፊቱ ሲቀመጥለት ግን ይታወቃል።

የዓለም ጤና ድርጅት ምክርም ቀላል ነው፤ ሕፃንን ቀስ ብላችሁ፣ በትዕግሥት፣ ዓይን ዓይኑን እያያችሁና እያወራችሁት አብሉት፤ አበረታቱት እንጂ አታስገድዱት። በቴሌቪዥን ወይም በስልክ አፉን አስከፍቶ መሙላት ከዚህ ምክር ጋር አይሄድም። ልጁ የሚበላውን አያየውም፤ መጥገቡንም አያስተውልም።

ጉርሻም እዚህ ላይ ይነሳል። አንድ ጉርሻ ያጣላል እያልን ሁለት ሦስቴ የምናጎርሰው በፍቅር ነው። ነገር ግን ለትንሽ ልጅና ጥርስ ለሌላት አያት ትልቅ ጉርሻ አደጋ ነው። ጉርሻው አነስ ይበል፤ አፋቸው ባዶ መሆኑ ሳይታይም ሁለተኛው አይከተል። ሙሉ ኦቾሎኒና ቆሎ ቢያንስ አራት ዓመት እስኪሞላቸው ለሕፃናት መስጠት አይገባም፤ የመተንፈሻ ቧንቧ ሊዘጋ ይችላል። ልጅ እየሮጠ፣ እየሳቀ ወይም ተኝቶ እንዲበላም አትፍቀዱ።

ልጅ መዘግየቱም ልክ አለው። ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ለአንድ ልጅ ማዕድ በቂ ነው። ከዚያ በላይ አንድ ጉርሻ በጉንጩ ይዞ የሚቀመጥ ልጅ ወይ አልራበውም፣ ወይ ጥርሱን ወይም ጉሮሮውን እያመመው ነው። መቆጣት ሳይሆን ማየት ያስፈልጋል።

ለአረጋውያን

በዕድሜ የገፋ ሰው የሚዘገይበት ብዙ ምክንያት አለ። ጥርስ ይጎድላል። ሰው ሠራሽ ጥርስ በደንብ ካልገጠመ ድድ ያቆስላል። አንዳንድ የደም ግፊት፣ የአለርጂና የድብርት መድኃኒቶች አፍ ያደርቃሉ፤ በደረቅ አፍ ደግሞ ማላመጥ አስቸጋሪ ነው። የመዋጥ ኃይልም ይቀንሳል። ስለዚህ ሥጋውን ደቀቅ አድርጎ መክተፍ፣ ዳቦውን በሻይ ወይም በሾርባ ማለስለስ፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው እንዲበሉ ማድረግና ከበሉ በኋላ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት እንዳይተኙ ማድረግ ይረዳል።

ከዚህ የሚያልፍም ነገር አለ። ምግብ ወይም ውኃ ሲወስዱ በተደጋጋሚ የሚያስላቸው፣ ከበሉ በኋላ ድምፃቸው የሚረጥብና የሚታፈን፣ ምግብ ጉሮሯቸው ላይ የሚቆም ከሆነ ይህ እርጅና ብቻ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም። በተለይ ስትሮክ አግኝቷቸው ከነበረ ሐኪም ይያቸው። ክብደት መቀነስም እንዲሁ ነው። ትሪውን ከመውቀሳችን በፊት እናቴ እንዳደረገችው ምርመራው ይቅደም።

እኛ ቤት የተለመደው

ለእናቴ ለብቻዋ ሳህን ብናቀርብ ነገሩ በአንድ ቀን ያልቅ ነበር። ግን ለእሷ ለብቻ መብላት ከቤት እንደመውጣት ነው። «እንግዳ ሆንኩ እንዴ?» አለች። ስለዚህ ትሪው ቀረ፣ ወጉ ተለወጠ።

መጀመሪያ ወጡ በሁለት ዙር እንዲወጣ ሆነ። የመጀመሪያው ጭልፋ ሲያልቅ ሁለተኛው ወዲያው አይወጣም፤ እናቴ ከፊቷ ያለውን እስክትጨርስ ይጠበቃል። በመሃል ወሬ ይገባል። ልጆቹ የትምህርት ቤት ወሬያቸውን የሚያወሩት አሁን በዚህ ሰዓት ነው። ሁለተኛው ዙር ሲወጣ ከእናቴ ፊት ይጀምራል። ሳትጠይቅ ስለሚጨመርላት ይሉኝታዋ አይነካም።

ቀጥሎ ስልክና ቴሌቪዥን ከማዕድ ተለዩ። ጉርሻው አነሰ። አፍ ባዶ ሳይሆን እጅ ወደ ትሪው እንዳይዘረጋ ተስማማን፤ ይህን ሕግ ከሁሉ በላይ የሚያስከብረው የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን ነው፣ በተለይ አባቱ ላይ። በመጨረሻም የመጨረሻው ሰው ሳይጨርስ ማንም እንዳይነሳ፣ እጅም በአንድ ጊዜ እንዲታጠብ ሆነ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉም ከባድ ነበር። የ14 ዓመቱ ልጃችን በመጀመሪያው ሳምንት ተቁነጠነጠ። በሦስተኛው ሳምንት ግን አያቱን ስለ ልጅነቷ መጠየቅ ጀመረ፤ ሌላ የሚሠራው ነገር አልነበረውማ!

ተጨማሪ መብላት ያማረው ሰው ካለ ቡናው እስኪቆላ ይጠብቃል። ቡና ታጥቦ፣ ተቆልቶ፣ ተወቅጦ እስኪፈላ ድረስ የሚወስደው ጊዜ አእምሮ የሆድን ወሬ ለመስማት ከሚፈልገው ይበልጣል። ቡና ሲፈላ አብዛኛውን ጊዜ ያ አምሮት የለም። በነገራችን ላይ ቡናና ሻይ ከእህልና ከአትክልት የምናገኘውን ብረት ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚያስቸግሩ፣ በተለይ ነፍሰ ጡርና ደም ማነስ ያለበት ሰው ከምግቡ ጋር ባይወስዳቸው ይመረጣል።

እራታችን አሁን 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። እናቴ በሦስት ወር ሁለት ኪሎ ጨምራለች። ባለቤቴ ማታ ማታ ያስቸግረው የነበረው ቃር ቀንሶለታል። የሚጋገረው እንጀራ ብዛት ግን አልተለወጠም፤ የሚበላው ያው ነው፣ የተለወጠው የሚዳረስበት መንገድ ነው።

የምትሞክሩት ካላችሁ በመጪው እሑድ ምሳ ጀምሩ፤ ሥራም ትምህርት ቤትም የለም። ለማንም ሳትናገሩ ሰዓት ያዙ። ትሪው በስንት ደቂቃ እንዳለቀ፣ ማን ቀድሞ እንደጨረሰ፣ ማን ደግሞ ብዙ ሳይበላ «ጠገብኩ» እንዳለ ተመልከቱ። ያንን ሰው ካገኛችሁት ምክር አያስፈልገውም፤ «ለምን አትበላም?» ብላችሁም አትጠይቁት። የእናንተን እጅ ብቻ አዘግዩ፤ ሁለተኛውንም ጭልፋ ከእሱ ፊት ጀምሩ።